ለእትዬ አየለች ምንም አልታየም

ከሁሉ በፊት ይቅርታ። እኔ ይህን ለመጻፍ የሚገባኝ ሰው አይደለሁም። ሥራዬ ጎሚስታ ነው፤ ጎማ እፈታለሁ፣ የተበሳ ከመነዳሪ እለጥፋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ሠላሳ አራት ዓመት ከሞላኝ በኋላ በቀበሌው መሠረተ ትምህርት ነው፤ እሱንም ቢሆን የኋላ ወንበር ላይ ሆኜ፣ አስተማሪዋ እንዳትጠይቀኝ አንገቴን ደፍቼ ነው የተማርኩት። ይህን ወረቀት ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ስህተት ብታገኙበት እለፉኝ። መጻፍ የሚችሉት የጸሎት ቤታችን ወገኖች ስለ ደርግ ዘመን ሲጽፉ እትዬ አየለችን ዘለሏቸው፤ እንግዲህ የማይችለው ይጻፍ፣ ሌላ ምን ይደረጋል።

ደግሞ ቶሎ ልናገረውና ይውጣልኝ፤ የምጽፈው ተናድጄ ነው። ስንት ዓመት አለፈው፣ ንዴቱ ግን አልበረደልኝም። በደርግ እንዳይመስላችሁ። ደርግስ ጠላታችሁ ነኝ ብሎ ነው የመጣው፤ የጸሎት ቤታችንን በር በሚስማር ሲቸነክረው በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየ ነው። እኔ የምናደደው በራሳችን ሰዎች ነው። በራሴም ጭምር።

እትዬ አየለች የሆለታ ሰው ናቸው። በአሥራ ስድስት ዓመታቸው ባል ተከትለው ወደዚህ ወደ ኮልፌ ቀራንዮ መጡ። ባላቸው መንገድ ሥራ ላይ የቀን ሠራተኛ ነበሩ፤ አንድ ቀን አፈር ተናደባቸውና በዚያው ቀሩ። ከሦስቱ ልጆች ሁለቱን ኩፍኝ በአንድ ሳምንት ወሰደባቸው። ሦስተኛዋ አግብታ ጅማ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ቆሎ እየቆሉ እየሸጡ ብቻቸውን ኖሩ።

ግን የሚታዘንላቸው ዓይነት ሰው አልነበሩም። ምላሳቸው ስለት ነበር። እኔ ያኔ ላጤ ነበርኩ፤ አየር ጤና በምሠራበት ጋራዥ በኩል ባለፉ ቁጥር፣

«ደበላ፣ ይሄን ሁሉ ጎማ ስትነፋ ለራስህም ትንሽ ነፋ ብታደርግ ምናለ? እንዲህ ኮስሰህ የቷ ሴት ታይሃለች?» ይሉኛል።

ጌታዬ አብደላ፣ የጋራዡ ባለቤት ማለቴ ነው፣ በሳቅ ይፈርሳል። እኔ ደግሞ ጎማው ሥር እገባለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ሲያነሱ አይቀልዱም ነበር። «ሦስቱን ቀብሬ እኔን አስቀረኝ» ይሉ ነበር። «ለአንድ ነገር ነው ያስቀረኝ። ለቆሎ ብቻ አይመስለኝም። ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ብሞት ይቆጨኛል ደበላ፣ እውነቴን ነው።» ይህን እኔን ብቻ አልነበረም የሚሉት፤ ጸሎት ላይም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይጠይቁት ነበር። ጸሎት ቤቱ ሳይዘጋ ማለቴ ነው።

ጸሎት ቤታችን የተዘጋው በ1971 ነው። ከዚያ በኋላ በእህት ወርቅአፈራሁ ቤት ተደብቀን መሰብሰብ ጀመርን። እህት ወርቅአፈራሁ ባል የሞተባት፣ ሰፋ ያለ ግቢ ያላት፣ ደግ ሴት ናት። መጽሐፍ ቅዱሶቹን የምደብቃቸው እኔ ነበርኩ፤ ጋራዡ ጓሮ ከተከመሩት አሮጌ ጎማዎች በአንዱ ውስጥ። አብደላ ያውቃል። እስላም ነው፣ ግን አንድ ቀን እንኳ ቃል አልተነፈሰም። «እኔ ጎማ ነው የማየው» ይል ነበር።

የመጀመሪያው እሑድ እኛ ሁላችን ተሽቀዳድመን ገባን። ፈርተን ነበርና ቶሎ ከዓይን ለመሰወር ነው። እትዬ አየለች ግን ዘግይተው መጡ። ዞር ብለው ቢያዩ በሩ ላይ ማንም የለም። ሰው ቢመጣ የሚያይ የለም። የቆሎ ጆንያቸውን አወረዱና የቆርቆሮው በር አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ማንም ተቀመጡ አላላቸውም። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሑድ እሑድ ሦስት ዓመት ተቀመጡበት። የሚያሰጋ ሰው ሲመጣ የቆሎ መስፈሪያውን ጣሳ ድንጋዩ ላይ ሁለቴ ይመቱታል፤ እኛ ውስጥ ጸጥ እንላለን። ሰውየው ሲያልፍ አንዴ ይመቱታል። በቃ ይኸው ነው።

አንድ ጊዜ ውስጥ ሆኜ በግድግዳው ስንጥቅ ያየሁትን ልንገራችሁ። ባጫ የሚባል አብዮት ጠባቂ ነበር፤ ጠመንጃውን እንደ ዱላ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ የሚዞር። መጣና በሩ ላይ ቆመ።

«እማማ፣ ዛሬም እዚሁ? እዚህ ውስጥ የሆነ ድምፅ ሰማሁ ልበል?»

«እንኳን መጣህ!» አሉት እትዬ አየለች፤ ተነሥተው እጀታውን ያዙት። «አንተን ስፈልግ ነው የከረምኩት። ስኳሩ የታለ?»

«የምን ስኳር?»

«የኅብረት ሱቁ ስኳር ነዋ! የመስከረም አልደረሰኝም፣ የጥቅምት አልደረሰኝም። ኩፖኔ ይኸው። አንተ መንግሥት አይደለህ? ጠመንጃ ይዘህ የለ? ለማን ልናገር ታዲያ፣ ለጠመንጃው?»

«እማማ እኔን አይመለከተኝም፣ ሊቀመንበሩን…»

«ሊቀመንበሩ ወዳንተ ሂጂ አለኝ!» ውሸታቸውን ነው። «ና አብረን እንሂድ። ዛሬ ሳልይዝህ አልመለስም።»

ባጫ እጁን አስለቅቆ፣ አንድ እፍኝ ቆሎ አፍሶ፣ ዞር ብሎም ሳያይ ሄደ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ወር በዚያ ሰፈር መንገድ አላለፈም። እኛ ውስጥ ሳቃችንን በነጠላ አፍነን ልንሞት ነበር።

እንግዲህ ወደሚያናድደኝ ልምጣ።

መሪያችን ወንድም ኃይለ መስቀል አስተማሪ ነው። መነጽር ያደርጋል፣ ንግግር ይችላል፣ ለእምነቱ ሁለት ጊዜ ታስሯል። ክፉ ሰው ነው አልልም። በ1974፣ ትምህርት ቤት ለአጋማሽ ዓመት በተዘጋ ጊዜ፣ የሦስት ቀን ጾም ጸሎት አወጀ። «እያንዳንዳችን እግዚአብሔር ለምን እንደጠራን ሳናውቅ እየኖርን ነው» አለ። «ሦስት ቀን እንቀመጣለን። ስም በስም እንጸልያለን። ለእያንዳንዱ ሰው የታየውን በደብተር እጽፋለሁ።»

በደብተር ስም መጻፍ በዚያን ጊዜ አደጋ ነበር። ግን ደብተሩም እኔ ጎማ ውስጥ እንዲደበቅ ተስማማን።

ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ነበር። አብደላን ፈራ ተባ እያልኩ ፈቃድ ብጠይቀው፣ «ሂድ፣ ሂድ። ለኔም ቢሆን ትንሽ ጸልይልኝ፣ የመኪና መለዋወጫ ጠፍቷል» አለኝ። እናም ክብ ሠርተን ተቀመጥን። ወንድም ኃይለ መስቀል ከደብተሩ ስም ያነባል፣ እኛ በዚያ ስም እንጸልያለን፣ የሆነ ነገር የታየው ሰው ይናገራል፣ እሱ ይጽፋል። ለአንዱ ወንጌል መመስከር ታየ። ለእህት ወርቅአፈራሁ ራእይ። ለሌላዋ መዝሙር። ለእኔ «ምልጃ» ተባለ፤ አፌን ስለማልከፍት ይመስለኛል።

እትዬ አየለች በሩ ላይ ነበሩ። ሦስቱን ቀን። ጾሙንም እኩል ጾመዋል፤ ጆንያ ሙሉ ቆሎ ታቅፎ መጾም ምን እንደሆነ እናንተው አስቡት። ማታ ማታ በየተራ ስንወጣ፣ «ምን ታየ? ምን ታየ?» ይሉ ነበር። ስለኔ ስነግራቸው፣ «ምልጃ! በል እንግዲህ ስኳሩንም አማልድልኝ» ብለው ሳቁ። ዓይናቸው ግን አልሳቀም። የራሳቸውን እየጠበቁ ነበር።

እሑድ ዕለት ወንድም ኃይለ መስቀል ሁሉንም አነበበ፣ ጸለየ፣ ጨረሰ። በየተራ መውጣት ጀመርን። እኔ ደብተሩን ልደብቅ ስለነበር ከእሱ ጋር ነው የወጣሁት። በሩ ላይ እትዬ አየለች ቆመዋል፤ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ልክ ቀበሌ እንደተጠራ ሰው።

«ወንድም ኃይለ መስቀል፣ ለእኔስ?»

ቆም አለ። «እንዴት?»

«ለእኔ ምን ታየ?»

ያን ጊዜ ፊቱን አየሁት። ረስቷቸዋል። እምላለሁ፣ ረስቷቸው ነበር። ግን ረሳሁ አላለም። መነጽሩን ከፍ አደረገና፣

«እህት አየለች፣ ለእርስዎ ምንም አልታየም» አለ።

«ምንም?»

«ምንም። እግዚአብሔር ዝም ሲልም ምክንያት አለው። ራስዎን ይመርምሩ። ምናልባት ይህ የቆሎ ነገር፣ ሁልጊዜ ውጭ መቀመጡ፣ በፊቱ ለመቆየት እንቅፋት ሆኖብዎት እንደሆነ… ሦስት ቀን ለብቻዎ ይጹሙና ይጠይቁት።»

የናቱ እኩያ ናቸው። እኔ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ደብተሩ ብብቴ ውስጥ ነው። አንዲት ቃል አልተናገርኩም። እግሬን እያየሁ ነበር። እትዬ አየለች፣ ያ ሁሉ ምላስ ያላቸው ሴትዮ፣ «እሺ» ብቻ አሉ። ጆንያቸውን አንሥተው ሄዱ።

በዚያ ሳምንት ሦስት ቀን ጾሙ። ሦስቱን ቀን ጾመው በወጡ በማግሥቱ ማለቴ ነው፣ ሌላ ሦስት ቀን! ሐሙስ ዕለት የቆሎ መቁያ ብረት ምጣዳቸውን ለጎረቤት እንደሸጡ ሰማሁ። ደነገጥኩ፣ ግን ሄጄ አልጠየቅሁም። እንዲህ ነኝ እንግዲህ።

ቅዳሜ ወደ ስድስት ሰዓት ላይ ጋራዡ መጡ። ከንፈራቸው ደርቋል። ቀልድ የለም።

«ደበላ፣ ልሰናበትህ ነው። ሰኞ ሆለታ ወንድሜ ጋ እሄዳለሁ።»

«ለስንት ቀን?»

«ለመቅረት ነዋ። እዚህ ለምን እቀመጣለሁ? ለአንድ ነገር ያስቀረኝ ይመስለኝ ነበር። ለምንም አይደለም። የሁሉን ሰው ነግሮ የኔን ዝም አለ። ዝም ካለ ዝም አለ፣ ምን አደርገዋለሁ።»

እኔ ምን ልበል? ደስ የሚል ነገር ልናገር ብል አልመጣልኝም።

«አንድ ነገር አድርግልኝ» አሉ። «ያ ደብተር አንተ ጋ ነው አይደል? አውጣና የኔን አሳየኝ። ማንበብ አልችልም፤ ግን ‹ምንም› የሚለውን በዓይኔ ልየውና ይቁረጥልኝ። ማሎ ደበላ።»

ማሎ በእኛ በኦሮምኛ እባክህ ማለት ነው። እትዬ አየለች ማንንም ማሎ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም።

ወደ ጓሮ ሄድኩ፤ ከጎማው ውስጥ ደብተሩን አወጣሁ። ያነበብኩት በጣቴ እየተከተልኩ ነው፤ አንዱን ስም ለማንበብ ጊዜ ይፈጅብኛል። «ወርቅ፣ አፈ፣ ራሁ… ራእይ።» «ደ፣ በ፣ ላ… ምልጃ።» መጨረሻ ደረስኩ። እንደገና ከላይ ጀመርኩ። አላመንኩም። ‹አ› የሚል ፊደል ፈለግሁ። በ‹አ› የሚጀምር ስም አንድም የለም።

«እትዬ፣ እዚህ የለም።»

«ምኑ?»

«ስምዎ።»

«ደህና አድርገህ እየው እንጂ! አንተ ደግሞ፣ የትናንት ተማሪ።»

አብደላን ጠራሁት። እሱ ጥሩ አድርጎ ያነባል። እጁን በጨርቅ ጠራርጎ፣ ደብተሩን ራቅ አድርጎ ይዞ፣ ከላይ እስከ ታች እየጮኸ አነበበው። ከዚያ ቆጠረ።

«አሥራ አንድ ሰው ነው። አየለች የሚባል የለም።»

«ከኋላውስ ቢሆን?» አልኩ።

ገለባበጠው። «ባዶ ነው። ምንድን ነው ነገሩ?»

እኔ ነገርኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ብዙ ተናግሬ አላውቅም። ስም በስም እንደተጸለየ፣ ከደብተሩ ላይ ስም እየተነበበ እንደተጸለየ። አሥራ አንዱም ስም ሲነበብ እዚያው ክቡ ውስጥ ነበርኩ፤ የእሳቸው እንዳልተነበበ እኔም አላስተዋልኩም። ስማቸው ያልተጻፈው ደግሞ ለምን እንደሆነ እያወራሁ ሳለሁ ነው የገባኝ፤ ወንድም ኃይለ መስቀል የጻፈው ክፍሉ ውስጥ ዓይኑን አዙሮ ያየውን ሰው ነው። እሳቸው ደግሞ ክፍሉ ውስጥ አልነበሩም። እኛ ክፍሉ ውስጥ እንድንሆን ብለው ውጭ ነበሩ!

አብደላ ራሱን ነቀነቀ። «ያልጋበዙትን ሰው ቀረ ብሎ መውቀስ አለ እንዴ?»

እትዬ አየለች ክምር ጎማው ላይ ቁጭ አሉ። ከዚያ፣

«ታዲያ ዝም ያለው ማነው?» አሉ።

አብደላ ደብተሩን መልሶ ሰጠኝ።

«ሳምንቱን ሙሉ» አሉ፣ «ሳምንቱን ሙሉ ጌታን ምን አስቀየምኩህ ስለው ሰነበትኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ የሠራሁትን ኃጢአት አንድ በአንድ ቆጠርኩለት። የጎረቤት ዶሮ በድንጋይ መትቼ እግሯን የሰበርኩትን ሳይቀር! ለካ እሱ አልተጠየቀም። እነሱ ሳይጠይቁት እሱ ዝም አለ ይላሉ!»

ፊታቸው ቀላ። የታወቀው ምላሳቸው ሲመለስ አየሁት፤ ደስም አለኝ፣ ፈራሁም።

«አልሄድም» አሉ። «ጠይቀውት እምቢ ብሎኝ ቢሆን እሄድ ነበር። ሳይጠይቁት ግን የትም አልሄድም። ነገ ደብተሩን ይዘህ ና። ድምፅህንም ይዘህ ና!»

እኔ ያን ሌሊት ስለነገው ድምፄ እያሰብኩ ክፉኛ ፈራሁ። አልዋሽም፣ ታምሜያለሁ ብዬ ልቀር ሁሉ አስቤ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ከማንም ቀድሜ ብደርስ፣ ድንጋዩ ላይ ሰው የለም። ጆንያም የለም። ተመልሰው ሆለታ ሄዱ እንዴ ብዬ ገባሁ። እትዬ አየለች ውስጥ ነበሩ፤ ነጩን ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ከፊት ባለው ወንበር ላይ፣ እግራቸውን አንዱን ባንዱ ላይ አድርገው። እህት ወርቅአፈራሁ ግራ ገብቷት በር በሩን ታያለች።

ሰዉ አንድ በአንድ ገባ። ሁሉም አያቸውና ወደ በሩ ዞሮ አየ። ወንድም ኃይለ መስቀል ሲገባ ቆመ።

«እህት አየለች፣ ደህና አደሩ… በሩስ?»

«በሩ አለ።»

«ማለቴ፣ ማን እየጠበቀ ነው?»

«እኔ ምን አውቄ። ጸጋ የታየለት ሰው ይሂዳ! አሥራ አንድ ናችሁ።»

አንድ ሰው ሳቅ አመለጠው። ወንድም ኃይለ መስቀል አልሳቀም። «ይሄ ቀልድ አይደለም፣ ሰው ይታሰራል» አለ።

«ሦስት ዓመት የተቀመጥኩት ለቀልድ መስሎህ ነው?» አሉት። አንተ አሉት፤ ሁላችንም ደነገጥን። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

ተነሣሁ። ደብተሩን አወጣሁና፣ «ስማቸው የለም» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። «እኔ አንብቤዋለሁ። አሥራ አንድ ስም ነው። ለእሳቸው አልጸለይንም። አንድ ሰውም አልጸለየም። ከዚያ ምንም አልታየም አልናቸው። እኔም እዚያ ነበርኩ። እኔም ዝም አልኩ።»

ወንድም ኃይለ መስቀል ደብተሩን ተቀበለኝ፣ አየው። «ለደኅንነታቸው ነው» አለ። «በር ላይ የሚቀመጥ ሰው ስሙ ቢያዝ…»

«እሺ፣ አለመጻፉስ ይሁን» አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። «‹ምንም አልታየም› ማለቱስ ለምን አስፈለገ?»

ደብተሩን ከደነው። እህት ወርቅአፈራሁ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታለቅስ ጀመር። እትዬ አየለች ግን ልቅሶ አልፈለጉም፤ እጃቸውን አወናጨፉባት።

«ተይው አንቺ። እኔ ልንገራችሁ፤ በሩ ላይ ሂጂ ተቀመጪ ያለኝ ሰው የለም። ያን ቀን ባዶ ነበር፣ አየሁት፣ አልፌ ልግባ ብል ልቤ እምቢ አለኝ፣ ተቀመጥኩ። ሦስት ዓመት ከዚህ ቤት አንድ ሰው አልተያዘም። ይሄን እኔ ከራሴ አምጥቼው ከሆነ እግዚአብሔር ይንገረኝ። እናንተ ግን ሳትጠይቁት በስሙ አትመልሱልኝ። ለሚመጣው እሑድ እዚያው ድንጋዬ ላይ ታገኙኛላችሁ። ዛሬ ግን አልወጣም።»

የመኪና ድምፅ ከሩቅ ይሰማል፤ በሩ ባዶ ነው፣ ሁላችንም ያንን እያሰብን ነው። ወንድም ኃይለ መስቀል ጃኬቱን አወለቀ፤ መጽሐፉን ወንበር ላይ አስቀመጠና ወደ ውጭ ወጣ። በስንጥቁ አየሁት። ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። እጁን የት እንደሚያደርግ አያውቅም ነበር።

እትዬ አየለችም ወንበራቸውን ወደ ክቡ ጠጋ አደረጉና እንዲህ አሉ፦ «ከውጭ ሆኜ ጆሮዬ መንገዱ ላይ ስለሆነ፣ የምትዘምሩትን መሐል መሐሉን ነው የሰማሁት። በሉ ዛሬ ከመጀመሪያው ጀምሩልኝ፤ ቀስ ብላችሁ።» ዓይናቸውንም ጨፈኑ።